ባለ ሁለት መስኮቷ ካሜራ በስሜን ተራሮች ሥር

የስሜን ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም፣ እንደሚነገረው፣ ለራሳቸው ሥርዓተ ንግሥ ይሆን ዘንድ ባሳነጹት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም.፣ በጦር ሜዳ ድል የነሷቸው ካሣ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተሰኝተው ከአቡነ ሰላማ እጅ ቅብዐ ንግሥ ሲቀበሉ፣ ትዕይንቱን በዐይነ ሥጋ ያየው ካህንና ወታደር፣ መኰንንና ባላገር እጅግ ብዙ ነበር፤ ነገር ግን የዚያን ዕለት ገጽታ በብርሃን ቀርጾ ለትውልድ የሚያቈይ መሣሪያ በስፍራው አልተገኘም። ፈረንሳዊው ዳጌር የፎቶግራፍን ጥበብ ለዓለም ካስታወቀ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ይሁን እንጂ በውቤ አገር የኖሩት ጀርመናውያን፣ የዕፀዋት ሊቁ ሽምፐርና ሠዓሊው ሳንደር፣ ያዩትን የሚመዘግቡት ገና በብዕርና በእርሳስ ነበር። ስለዚህ የዳባትን አምባ፣ የደባርቅን ሜዳና ከዚያ ወዲያ የሚታየውን የስሜንን ገደል በዚያ ዘመን ምን ይመስል እንደ ነበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ የሚያገኘው የሰው ቃል እንጂ የብርሃን ምስክር አይደለም።

የውቤ ዘር ከካሜራ ፊት ለመቆም ግን ብዙ ዘመን አልቈየም። የውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ለዐፄ ቴዎድሮስ የወለዷቸው ልዑል ዓለማየሁ፣ መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ እናታቸውም በመንገድ ላይ ስላረፉ፣ በካፒቴን ስፒዲ ጠባቂነት ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰዱ፤ በዚያም ዓመት በዋይት ደሴት ትኖር የነበረችው ስመ ጥሩዋ ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የሰባት ዓመቱን ልጅ መልክ በመስተዋት ላይ ቀረጸችው። የዚች ሴት ካሜራ ትልቅ፣ መስተዋቱም ብርሃን ለመቀበል ዘገምተኛ ስለ ነበር፣ በፊቱ የተቀመጠ ሰው ለብዙ ሰኮንድ እንዳይንቀሳቀስ ግድ ይሆንበታል። የስሜን ባላባት የልጅ ልጅ መልክ ተቀርጾ የቀረው እንግዲህ የእናቱ ዘመዶች በሚኖሩበት ደጋ ሳይሆን፣ ከዚያ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በሚርቅ በባዕድ ደሴት፣ እንዳይነቃነቅ በታዘዘ ልጅ ገጽ ላይ ነው። ልዑሉ በዐሥራ ስምንት ዓመታቸው በሊድስ ከተማ ሲያርፉ ያንኑ አገር መልሰው አላዩትም።

ካሜራው ወደ ተራራው ያልመጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዚያው በመቅደላ ዘመቻ የእንግሊዝ መሐንዲሶች ጦር የፎቶግራፍ ክፍል ይዞ ነበርና ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በሰንዓፌና በዓዲግራት በኩል እስከ መቅደላ ድረስ ያለውን አገር አንሥቷል፤ ግን ለዚህ ሥራ ሣጥኑን፣ መስተዋቱን፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥና የጨለማ ድንኳኑን የሚሸከሙ የጭነት ከብቶች ያስፈልጉት ነበር፤ መንገዱም ስሜንን በስተ ምዕራብ ትቶት ያልፋል። ከዚያ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ፎቶግራፍ በቤተ መንግሥት አካባቢ ሥር ሰደደ፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያንና ከእርሱ በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ የነገሥታቱንና የመኳንንቱን ገጽ በማንሣት አገልግለዋል። እነዚህ ሰዎች የሠሩት ሥራ ለታሪካችን ያለው ዋጋ እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ሆኖም በትልቅ ካሜራ የሚነሣው፣ በምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ወይም በዙፋን አጠገብ ቆሞ ለመነሣት የሚችል ሰው ብቻ ነበር። ከወገራ ገብስ ጭኖ የሚወርደው ነጋዴና ከደባርቅ ገበያ ጨው ይዛ የምትመለሰው ሴት በዚያ መዝገብ ስፍራ አልነበራቸውም።

ይህን ሸክም ያቃለለው ሰው ራሱ ሸክም የማይችል በሽተኛ ነበር። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ኦስካር ባርናክ የተባለው ጀርመናዊ በቬትስላር ከተማ በኤርንስት ላይትስ የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ የሚሠራ ባለ እጅ ሲሆን፣ በተራራ መመላለስና ፎቶግራፍ ማንሣት ይወድ ነበር፤ ነገር ግን አስም ስለ ነበረበት ባለ መስተዋቱን ካሜራ ከነእግሩ ተሸክሞ ዳገት መውጣት አልቻለም። ስለዚህ ለሲኒማ የተሠራውን የ35 ሚሊሜትር ፊልም ወስዶ፣ በላዩ 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ምሥል የሚቀርጽና ኋላ በወረቀት ላይ ለማስፋት የሚመች፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ካሜራ ፈለሰፈ። ላይካ የተባለው ይህ ካሜራ በ1925 በላይፕሲግ ትርኢት ለገበያ ቀረበ። በ1932 ደግሞ ሁለተኛው ላይካ ከነርቀት መለኪያው ወጣ፤ በዚያው ዓመት የዛይስ ፋብሪካ ኮንታክስ የተባለውን ተፎካካሪ አመጣ፤ የኮዳክ ኩባንያም በ1934 ፊልሙን በጨለማ ክፍል ማጕረስ ሳያስፈልግ በቀን ብርሃን የሚገባ በቆርቆሮ የተጠቀለለ 35 ሚሊሜትር ፊልም አወጣ። ሣጥን ተሸካሚ በቅሎዎች ያስፈልጉት የነበረው ሥራ በአንድ ሰው ኪስ ገባ ማለት ነው።

ርቀት ለኪው ካሜራ አሠራሩ ይህ ነው። በፊቱ ላይ፣ ከሌንሱ በላይ፣ ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ መስኮቶች አሉ፤ በስተኋላ ዐይኑን አስጠግቶ የሚያይ ሰው የፊቱን ነገር በመካከል ላይ በእጥፍ ያየዋል፣ አንዱ የጠራ፣ ሌላው ፈዘዝ ብሎ ወደ ጐን ያፈነገጠ። የሌንሱን ቀለበት ሲያዞር ፈዛዛው ምሥል ይንቀሳቀሳል፤ ሁለቱ ተጋጥመው አንድ ሲሆኑ ሌንሱም ለዚያ ርቀት ተስተካክሏል። ምሥጢሩ የሦስት ማዕዘን ሒሳብ ነው፤ መድፈኞች የዒላማን ርቀት ከሚለኩበት መሣሪያ የተለየ አይደለም። በመስኮቶቹ መካከል ያለው ስፋት በበዛ መጠን ልኩ ይጸናል፤ በቀድሞው ላይካ ይህ ስፋት 4 ሳንቲሜትር ያህል፣ በ1936 በወጣው ሁለተኛው ኮንታክስ 9 ሳንቲሜትር ያህል፣ በ1954 በተሠራው ኤም 3 በተባለው ላይካ ደግሞ ወደ 7 ሳንቲሜትር ይጠጋል። ኋላ የመጡት የጃፓን ትናንሽ ካሜራዎች ከእነዚህ ሁሉ ያነሱ ናቸው። በወረቀት ላይ የተጻፈውን ልክ ብቻ የሚያይ ሰው ስለዚህ ኮንታክስን ያስቀድማል፤ በተራራ ላይ ግን ሌላ ነገር ይፈተናል። ምሥሎቹን ለማጋጠም ቀጥ ያለ መስመር ያስፈልጋልና፣ የደብተራው መቋሚያ ወይም የነጠላ ጥለት ባለበት ሁሉ ሥራው ይፈጥናል፤ ጭጋግ ወርዶ ሁሉም ነገር ጠርዙን ባጣበት የክረምት ጧት ግን ምርጡ ካሜራ እንኳ የሚይዘው መስመር አጥቶ ይቸገራል።

ትንሿ ካሜራ ወደ አገራችን በብዛት የገባችው፣ በሚያሳዝን አኳኋን፣ ከወራሪ ጦር ጋር ነው። የኢጣልያ መንግሥት የሉቼ ተቋም በ1935 ለምሥራቅ አፍሪቃ የተለየ የፎቶግራፍና የሲኒማ ክፍል አቋቁሞ ለዘመቻው የሚስማማውን ሥዕል እያነሣ ወደ ሮማ ይልክ ነበር፤ ከዚህ ሌላ ብዙ መኰንንና ወታደር የየራሱን ካሜራ በደረቱ አንጠልጥሎ መጣ። በእኛ በኩል የነበሩት የውጭ ጋዜጠኞች በአዲስ አበባና በደሴ አካባቢ ተሰብስበው ነበር፤ ከላይካ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣው አልፍሬድ አይዘንሽታት በዚያ ዓመት አገራችንን ጐብኝቶ፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ብቻ የሚታይበትን፣ ስንጥቅጥቁን ተረከዝ ከነአፈሩ የሚያሳየውን ምሥል አንሥቷል። ከተናገሩለት ሁሉ በላይ ስለዚያ ጦርነት የሚመሰክር ምሥል እርሱ ይመስለኛል። ነገር ግን በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩና የደጃዝማች አያሌው ብሩ ጦር፣ በውስጡም የወገራና የስሜን ልጆች ያሉበት፣ ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና የጠላትን ታንኮች ሲማርክ፣ የጋዜጠኛ ካሜራ ከዚያ አልነበረም። ድሉ በቃል ተረፈ፤ በምሥል የተረፈው ኋላ የመጣው የወራሪው መንገድ ሥራ ነው።

ያ መንገድ ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ በወልቀፊት በር ከደጋው አፋፍ ወርዶ፣ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ተከዜ በረሃና ወደ አስመራ የሚሄደው ነው። ድንጋዩን የፈለጠውና ግንቡን የካበው እጅ የማን እንደ ሆነ፣ በጥርጊያው አፋፍ ስንት ሰው እንደ ወደቀ፣ በወታደሮቹ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ከተለጠፉት ሥዕሎች አይነበብም፤ እነርሱ የሚያሳዩት ጠመዝማዛውን፣ የጭነት መኪናውንና በድል አድራጊነት መንፈስ እጁን በወገቡ ያደረገውን ሹም ነው። ይህን የምለው ሥዕሎቹን ለመናቅ አይደለም። በጥንቃቄ የሚያያቸው ሰው ከሹሙ ትከሻ በስተጀርባ ያለውን ተዳፋት፣ በላዩ የቆመውን ዛፍና የታረሰውን እርሻ ሳያስብ የተቀረጸ ምስክር አድርጎ ሊያነበው ይችላልና፣ ካሜራው ባለቤቱ ያላሰበውንም ስለሚጽፍ የጠላት ሥዕል ለአገሬው ሰው ይጠቅማል። ወልቀፊትን ይዞ የነበረው የኮሎኔል ጎኔላ ጦር፣ ወደ 3,000 የሚጠጋ ሠራዊት፣ ከብዙ ወራት ከበባና ረኃብ በኋላ በመስከረም 1934 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን ነጻ ወጣች።

ከነጻነት በኋላ ወደዚህ አገር በካሜራ የመጣው ሰው ጠባይ ተለወጠ። በ1910 በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር፣ በ1941 በጎጃም ከአርበኞች ጋር የተዋጋው፣ በ1960 በሰሜን ኢትዮጵያ በእግርና በበቅሎ ሲጓዝ ላይካውን ይዞ ነበር። ይህ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ያነሣቸው ወደ 38,000 የሚሆኑ ኔጋቲቮች ዛሬ በኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። እርሱ ራሱ ለመሣሪያ ብዙ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም፤ የሚፈልገው በአቧራና በዝናብ የማይከዳ፣ ሰው ፊት ሲወጣ የማያስደነግጥ ካሜራ ነበር፤ ላይካም ይህን ፈቃዱን ፈጸመለት። ቀጥሎ የዋልያ ነገር መጣ። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ሲቋቋም፣ ከቀደምት ጠባቂዎቹ አንዱ ዌልሳዊው ሲ. ደብሊው. ኒኮል ከ1967 እስከ 1969 በዚያ አገልግሎ የኖረበትን ዘመን በ1971 በመጽሐፍ አሳተመ፤ የስዊስ ሊቃውንትም፣ ኒቨርጌልት ስለ ዋልያው፣ ሁርኒ በ1970ዎቹ ዓመታት የፓርኩ ጠባቂ ሆኖ ስለ አፈሩ መሸርሸር፣ ተራራውን ለብዙ ዘመን አጠኑት። ዩኔስኮ በ1978 የመጀመሪያዎቹን ዐሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን ከእነርሱ አንዱ ነበር።

እዚህ ላይ የርቀት ለኪውን ካሜራ ድክመት ሳልሸሽግ መናገር ይገባኛል። ዋልያን በርቀት ለኪ ካሜራ ማንሣት ከንቱ ድካም ነው። እንስሳው ገደል ለገደል በመቶ ሜትር ርቀት ሲሄድ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ የተነሣው ሥዕል የሚያሳየው ድንጋይ ላይ ያለ ነጥብ ነው፤ ረጅም ሌንስ ቢገጠምለትም መስኮቱ ሌንሱ የሚያየውን አያይምና ልኩ ይስታል። ከ1959 ጀምሮ ኒኮን ኤፍን የመሳሰሉ፣ በውስጣቸው ባለው መስተዋት ሌንሱ የሚያየውን ለዐይን የሚያሳዩ ካሜራዎች የባለሙያውን ገበያ የወሰዱት ስለዚህ ነው። ርቀት ለኪው የሚያሸንፈው ከአንድ ሜትር እስከ ዐሥር ሜትር ባለው ርቀት፣ በሰው መካከል ነው፤ መስተዋት እየተነሣ ስለማይወርድ ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺውም መዝጊያው በሚከፈትበት ቅጽበት ጭምር ሰውየውን ያያል።

ከዚያ ዘመን ወዲህ በስሜን ሥር ባሉት ከተሞች ሰው እጅ ሊገኝ የሚችለው ካሜራ ውድ የሆነው ላይካ አይደለም። ሁለት ወገን ካሜራዎች ናቸው፤ የጃፓንና የሶቪየት። የጃፓኖቹ ውብ ናቸው። ያሺካ ኩባንያ በ1966 ኤሌክትሮ 35 የተባለውን ሲያወጣ፣ 45 ሚሊሜትር፣ የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው 1.7 የሆነ ብሩህ ሌንስ፣ የመዝጊያውን ፍጥነት በኤሌክትሮኒክ የሚወስን ብርሃን ለኪ ሰጠው፤ አንሺው ቀዳዳውን ብቻ ይመርጣል፣ የቀረውን ካሜራው ያደርጋል። በሻማ ብርሃን እንኳ፣ ሰኮንዶች እየቈጠረ፣ ትክክለኛ ሥዕል ያወጣል። ካኖን በ1972 ያወጣው ካኖኔት ኪውኤል 17 ጂ 3 ደግሞ 40 ሚሊሜትር 1.7 ሌንስ ያለው፣ ሲፈለግ አንሺው በመረጠው ፍጥነት ቀዳዳውን ራሱ የሚያስተካክል፣ ሲፈለግ ደግሞ ሁሉን ለሰው የሚተው ነው። ኦሊምፐስ በ1970 ያወጣው 35 አርሲ ከሁለቱም ያነሰ ነው፤ ሌንሱ 2.8 ስለ ሆነ በጨለማ ይደክማል፣ ነገር ግን በጋቢ ሥር ይደበቃል። የዚያው ፋብሪካ ሊቅ ማይታኒ በ1979 የነደፈው ኤክስኤ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ሆኖ ሳለ እውነተኛ ርቀት ለኪ አለው።

እንግዲህ እነዚህን በደባርቅ ሚዛን እንመዝናቸው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጭነቅ የሚወጣ ሰው ከ3,200 ሜትር አልፎ ወደ 3,600 ይደርሳል፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ብርድ የባትሪን ኃይል ያደክማል። ኤሌክትሮ 35 ባትሪው ሲደክም ወይም ሲጠፋ፣ መዝጊያው በአንድ ፍጥነት፣ በሰኮንድ አምስት መቶኛ ገደማ ብቻ ይሠራል፤ በቀትር ፀሐይ ያ ይበቃ ይሆናል፣ በቅዳሴ ሰዓት ግን ካሜራው ዕውር ነው። ባትሪው በሜርኩሪ የተሠራ የተለየ ዓይነት ስለ ነበርና በ1990ዎቹ ዓመታት በብዙ አገር ስለ ተከለከለ፣ ከሠሪው ከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው ችግሩ ዕጥፍ ሆኗል። ካኖኔትና 35 አርሲ ግን ባትሪ ቢጠፋባቸው የሚጠፋባቸው ብርሃን ለኪያቸው ብቻ ነው፤ መዝጊያቸው በመካኒክ ስለሚሠራ ብርሃኑን በዐይን መገመት የሚያውቅ ሰው ሥራውን ይቀጥላል። በእኔ አስተያየት በጃፓኖቹ መካከል ያለው ልዩነት በሌንስ ጥራት ሳይሆን በዚች አንዲት ነገር ይፈረዳል፤ ካኖኔት ከኤሌክትሮ ይበልጣል የምለውም የሌንሳቸው ብሩህነት እኩል ሆኖ ሳለ ነው።

የሶቪየቶቹ ግን በዚህ ረገድ ከሁሉም ይልቃሉ። ፌድ የተባለው ካሜራ ከ1934 ጀምሮ በካርኮቭ ከተማ የተሠራው ወላጅ አልባ ልጆች በሚያድጉበትና መምህሩ አንቶን ማካሬንኮ ይመሩት በነበረው ማኅበር ነው፤ የሁለተኛው ላይካ ቅጂ ነበር። ከዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመን በተወሰደው የኮንታክስ መሣሪያ የኪየቩ አርሴናል ፋብሪካ ኪየቭ የተባለውን ሠራ፤ በሞስኮ አጠገብ ያለው የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ ደግሞ ዞርኪን አወጣ፤ ከእነርሱም አራተኛው ዞርኪ ከ1956 እስከ 1973 ድረስ ከ1 ሚሊዮን 700 ሺህ በላይ ተሠርቷል። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄዱ ብዙ ወጣቶቻችን ሲመለሱ ከመጻሕፍታቸው ጋር ዞርኪን ወይም ሌላውን የሶቪየት ካሜራ ዜኒትን ይዘው መጡ፤ በዋጋው ርካሽ፣ በክብደቱ እንደ ብረት ነበር። ይህ ጸሐፊ ዳባት ላይ በአንድ ጡረተኛ መምህር ቤት ያየው አራተኛ ዞርኪ፣ የቆዳ ማኅደሩ በማጠፊያው ተሰንጥቆ በጅማት የተሰፋ፣ ሌንሱ ጁፒተር 8 የተባለው 50 ሚሊሜትር 2 ሲሆን፣ ውስጡ ባትሪ የሚባል ነገር የለም፤ ብርሃን ለኪም የለውም። ባለቤቱ ሲያሳዩን መጀመሪያ መጠምጠሚያውን ዞር አደረጉና ከዚያ በኋላ ብቻ የፍጥነቱን ዲስክ አነሡት፤ ሳይጠመጠም ፍጥነት መለወጥ የውስጡን ጥርስ ይሰብራልና ይህን ሥርዓት ለልጅ ልጆቻቸው ሁሉ አስተምረዋል። መዝጊያው የጨርቅ መጋረጃ ነው። ሌንሱ ሳይከደን ፊቱ ወደ ፀሐይ ሆኖ ቢቀመጥ፣ ሌንሱ ብርሃኑን በአንድ ነጥብ አከማችቶ ጨርቁን ይበሳዋል፤ በደጋው ፀሐይ ይህ የጥቂት ሰኮንድ ነገር ነው። በእርሳቸውም መጋረጃ ላይ አንዲት ቀዳዳ በጥቁር ማጣበቂያ ተደፍናለች፤ ከመደፈኗ በፊት በተነሡት ሥዕሎች ሁሉ፣ በሠርጉም በክርስትናውም፣ በአንድ ስፍራ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ትታያለች።

እነዚያን ሥዕሎች ማየት ለስሜን አገር ታሪክ ትምህርት ነው። ጋቢ የለበሰ ሰው በደጋ ፀሐይ ሲነሣ ትልቁ ችግር ነጩ ልብስ ነው። ብርሃን ለኪ ያለው ካሜራ ነጩን አይቶ ብርሃኑ በዛ ብሎ ያስባል፣ ቀዳዳውንም ያጠባል፣ ፊትም ይጠቁራል፤ በጥምቀት ዕለት ታቦት ሲወርድ የተነሡ ብዙ ሥዕሎች ነጠላው ጥለቱ ሳይቀር ሲታይ ከሥሩ ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ የማይታወቅባቸው ስለዚህ ነው። የዳባቱ መምህር ብርሃን ለኪ ስላልነበራቸው ይህ ስሕተት አልደረሰባቸውም፤ በፊልሙ ሣጥን ላይ የታተመውን የፀሐይና የደመና ሠንጠረዥ በቃላቸው ይዘው፣ ከእርሱም ለፊት ሲሉ ቀዳዳውን አንድ እርከን ይከፍቱ ነበር፤ ጋቢው ትንሽ ቢነጣም የሽማግሌው ግንባር ከነመስመሩ ወጥቷል። ባለ ብርሃን ለኪው ካኖኔት ለለኪው ብቻ ሲተው ሊያደርገው የማይችለውን ዕውር የነበረው ዞርኪ አደረገው። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ካህናቱ በቅኔ ማኅሌት ዳር፣ ከበሮ መቺው ክንዱን አንሥቶ፣ ሙሽራው በበቅሎ ላይ፣ የደባርቅ ልጆች ለመልቀቂያ ፈተና ጉርድ ፎቶ ለመነሣት በግድግዳ ላይ በተሰቀለ አንሶላ ፊት ተሰልፈው ይታያሉ። ጎንደር ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ አንድ ጥቅል ሰላሳ ስድስት ሥዕል ሞልቶ ታጥቦና ታትሞ እስኪመለስ ሳምንታት ያልፉ ነበርና፣ ማንም ሰው ፊልም በከንቱ አያባክንም፤ እያንዳንዱ ሥዕል ታስቦበት የተነሣ ነው።

የቤት ሥዕሎች ሁለተኛ ጥቅም አላቸው፤ ይህንም ሊቃውንቱ ገና በሙሉ የተጠቀሙበት አይመስለኝም። የቤልጂግ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከመቐለ ባልደረቦቻቸው ጋር፣ በ1868 የእንግሊዝ ጦር ያነሣቸውን የትግራይ መልክዐ ምድር ሥዕሎች ይዘው በየስፍራው እየቆሙ እንደገና በማንሣት፣ በብዙ ቦታ ዛሬ ያለው ዛፍና እርከን ከዚያ ዘመን እንደሚሻል አሳይተዋል። ለስሜን እንዲህ ያለ ጥንታዊ የመስተዋት ሥዕል የለንም፤ ያለን በወራሪው ወታደር፣ በመንገደኛው፣ በስዊሱ ተመራማሪና በዳባቱ መምህር ትንንሽ ካሜራዎች የተነሣው ነው። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ከፓርኩ ወጥተው በደባርቅ ከተማ እንዲሠፍሩ ሲደረግ፣ ቤቱ፣ የገብስ ማሳውና አጥሩ ከስፍራው ተነሥቷል፤ ዛሬ ያ መንደር ምን ይመስል እንደ ነበር የሚያሳየው በበርንና በዙሪክ መዛግብት ያለው ምሥል፣ ደግሞም ከግጭ ተነሥተው በደባርቅ በሠፈሩት ሰዎች ሣጥን ውስጥ ያለው የሠርግና የክርስትና ሥዕል ነው። በሙሽራይቱ ጀርባ ያለው ጭልጥ ያለ ሜዳና የጅብራ ግንድ የሚታይበት ሥዕል፣ ለቤተ ሰቡ መታሰቢያ ሲሆን ለአፈርና ለዕፀዋት አጥኚ ማስረጃ ነው።

በእነዚህ የቤት ሥዕሎች ስፍራውን እንደገና የማንሣትን ሥራ ለመጀመር የሚሻ ሰው ሥዕሉን ተበድሮ፣ ሁለቱንም ገጽ ገልብጦ መልሶ ለባለቤቱ ሊሰጥ ይገባል፤ ከጀርባው የተጻፈ ቀን ካለ መቅዳት፣ ከሌለም ልጁ ዛሬ ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ መጠየቅ ያሻል። ቦታው ከታወቀ በኋላ ከፊት ያለው ቋጥኝ ከኋላው ተራራ ጋር የተጋጠመበትን ነጥብ እየፈለገ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተራመደ፣ ሁለቱ በሥዕሉ ላይ እንዳሉ በትክክል የሚገናኙበትን ስፍራ ይይዛል። የጥላው አቅጣጫና ርዝመት ሰዓቱንና ወሩን ይነግረዋል፤ ገብሱ ያሸተ ከሆነ መስከረም ወይም ጥቅምት ነው፤ በእነዚያው ወሮች፣ በዚያችው ሰዓት፣ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ማንሣት አለበት፤ የቀድሞው ሥዕል የተነሣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሌንስ ነውና።